አንድ ገመድ ለሁለት ባሕርይ

የዛሬ ሃያ ዓመት አካባቢ በአንድ ትልቅ ዳታ ሴንተር ውስጥ ከሰርቨር መደርደሪያ ጀርባ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ገመድ ያይ ነበር። አንዱ የድረ ገጹን፣ የኢሜይሉንና የተጠቃሚዎችን ጥያቄ የሚያመላልሰው ኤተርኔት ነው። ሌላው ሰርቨሩን ከጋራ ዲስኮች ጋር የሚያገናኘው ፋይበር ቻናል ነው። አንዱ ቢበላሽ ሥራ እንዳይቆም ሁለቱም በጥንድ በጥንድ ይዘረጋሉ። በዚህ ስሌት ሃያ ሰርቨር የያዘ መደርደሪያ ሰማንያ ገመድ፣ ሁለት ዓይነት ካርድና ሁለት ዓይነት ስዊች ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት የተለያየ የባለሙያ ቡድን።

ሁለቱን በአንድ ኤተርኔት ማዋሐድ ገመድም፣ ካርድም፣ መብራትም ይቆጥባል። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ዳታ በመንገድ ላይ ሲጠፋ የሁለቱ ጠባይ ፍጹም የተለያየ መሆኑ ነው።

ኤተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል በሮበርት ሜትካልፍ ሲጠነሰስ፣ የተላከው ሁሉ ይደርሳል የሚል ዋስትና አልሰጠም። ዛሬም ስዊቹ ዳታ የሚያቆይበት ቋት ሲሞላ የመጣውን ፍሬም (የዳታ ጥቅል) ይጥላል። ይህ ለተራው ትራፊክ አያስጨንቅም፤ መላኩን የሚቆጣጠረው ቲሲፒ የጎደለውን መልሶ ይልካል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የጸደቀው ፋይበር ቻናል ግን መጣልን አይፈቅድም። ተቀባዩ ስንት ፍሬም የሚይዝ ባዶ ቦታ እንዳለው አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ላኪውም በተሰጠው ፈቃድ ልክ ብቻ ይልካል። ፈቃዱ ሲያልቅ ይጠብቃል።

ስለዚህ የዲስክ ትእዛዝ የሚያመላልሰው ስካዚ ለመጥፋት አልተዘጋጀም። አንድ ፍሬም ከጎደለ ትእዛዙ በሙሉ ይከሽፋል፤ ሰርቨሩም ይህን የሚረዳው ብዙ ጊዜ የጥበቃ ሰዓቱ ሲያልቅ ነው። በሊነክስ ይህ ጥበቃ በተለምዶ 30 ሰከንድ ነው። ዳታቤዝ ይህን ያህል ዲስክ ሲጠብቅ ከፊት ያለው አገልግሎት ለደንበኛው የሞተ ያህል ነው።

ሁለቱን የሚያዋሕደው ፋይበር ቻናል ኦቨር ኤተርኔት የተባለው ደረጃ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቀቀ። የፋይበር ቻናሉን ፍሬም እንዳለ በኤተርኔት ፍሬም ይጠቀልለዋል። የተለመደው ኤተርኔት በአንድ ፍሬም 1,500 ባይት ሲሸከም የፋይበር ቻናል ጭነት እስከ 2,112 ባይት ስለሚደርስ፣ ስዊቾቹ 2,500 ባይት ገደማ የሚሆን ፍሬም እንዲያሳልፉ ተደረገ። ይህ ቀላሉ ክፍል ነበር። ከባዱ ኤተርኔትን የማይጥል ማድረግ ነው።

ኤተርኔት ከ1997 ጀምሮ «ቁም» የሚል ምልክት ነበረው፤ ሆኖም ምልክቱ በገመዱ ላይ ያለውን ሁሉ ያስቆማል። ደረጃ አውጪው ድርጅት አይ ትሪፕል ኢ በ2011 ያጸደቀው ደንብ ትራፊኩን ስምንት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ማስቆም አስቻለ። ምልክቱን ቀረብ ብለን እንየው። 64 ባይት ብቻ ያለው ትንሽ ፍሬም ነው። በውስጡ የትኞቹ ክፍሎች እንደታዘዙ የሚጠቁሙ ስምንት ቢቶችና ለእያንዳንዱ ክፍል የቆይታ ጊዜ የሚናገሩ ስምንት ቁጥሮች አሉ። የጊዜው መስፈሪያ 512 ቢት ለመላክ የሚፈጀው ቅጽበት ነው፤ በ10 ጊጋቢት ገመድ ላይ ትልቁ ቁጥር 3.4 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስቆማል። ቋቱ ቀደም ብሎ ከተቃለለ ዜሮ ይላክና መንገዱ ወዲያው ይከፈታል።

ምልክቱ መላክ ያለበት ቋቱ ከመሙላቱ በፊት ነው። ትእዛዙ 100 ሜትር ተጉዞ ላኪውን እስኪያስቆምና በገመዱ ላይ ያለው እስኪያልቅ ድረስ በ10 ጊጋቢት ፍጥነት ከ1,000 ባይት በላይ መምጣቱን ይቀጥላል፤ ላኪው የጀመረውን ፍሬምም ይጨርሳል። ለዚህ ሁሉ ትርፍ ቦታ ካልተያዘ «አልጥልም» የተባለው ቃል ይታጠፋል። በዚያው በ2011 የጸደቀ ሌላ ደንብ ደግሞ የገመዱን አቅም በመቶኛ ያከፋፍላል፤ አንዱ ክፍል ያልተጠቀመበትን ድርሻ ሌላው ይወስደዋል።

ውሕደቱ ከሰርቨሩ እስከ መጀመሪያው ስዊች ባለው አጭር መንገድ ተሳካ። ሲስኮ በ2009 ያስተዋወቀው ዩሲኤስ የተባለው የሰርቨር ሥርዓት ይህን ይዞ መጣ፤ አንድ ካርድ የሁለቱን ሥራ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ግን ብዙዎቹ ትራፊኩን መልሰው ለያዩት። የተጠቀለለው ፍሬም የአይፒ አድራሻ ስለሌለው ተራ ራውተር አያሻግረውም፤ በቲሲፒ ላይ የሚሄደው አይስካዚም የተለየ ስዊች ሳይጠይቅ ለብዙ ሥራ በቂ ሆነ።

ትልቁ ዋጋ መቆም መዛመቱ ነው። አንድ ስዊች ሲያስቆም ከኋላው ያለው ቋት ይሞላል፤ እሱም በተራው የኋለኛውን ያስቆማል፤ አንድ አደባባይ ሲዘጋ ወደ እሱ የሚያመሩት ሁሉ እንደሚዘጉት። የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች በ2016 ባሳተሙት ጥናት በዳታ ሴንተሮቻቸው የገጠማቸውን ዘርዝረዋል፦ የተበላሸ ካርድ ሳያቋርጥ የማስቆሚያ ምልክት ሲያጎርፍ፣ ስዊቾችም እርስ በርስ እየተጠባበቁ ሲቆላለፉ። ከልክ በላይ የሚያስቆመውን ለይቶ የሚገታ ጠባቂ መጨመር ግድ ሆነባቸው።

ማስቆም ይሻላል ወይስ መጣል የሚለው ጥያቄ ዛሬ የበለጠ ከብዷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሠለጥኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ጂፒዩዎች ሮኪ በተባለው ዘዴ በኤተርኔት ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚደገፉት በዚሁ የማስቆሚያ ምልክት ነው። በ2023 የተመሠረተው አልትራ ኤተርኔት ኮንሰርቲየም በ2025 ባወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሌላ በር ከፍቷል፤ ኔትወርኩ ቢጥልም ጫፍ ላይ ያለው ካርድ የጎደለውን ብቻ ለይቶ በፍጥነት መልሶ ይልካል።

ሁለት ትራፊክ በአንድ ገመድ ለማሳለፍ ያሰበ መሐንዲስ እንግዲህ ከዋጋና ከፍጥነት በፊት አንድ ነገር ይወስን፦ ዳታ ሲጠፋ ኃላፊው ማን ነው? ኔትወርኩ ከሆነ ሰፊ ቋት፣ የተስተካከለ ቅንብርና የማያንቀላፋ ክትትል ያዘጋጅ። ጫፎቹ ከሆኑ የጠፋውን ፈጥኖ የሚተካ ካርድ ይምረጥ። ይህን ሳይወስኑ ገመድ የቀነሱ ሰዎች የቆጠቡትን ሁሉ ችግር ፍለጋ ላይ መልሰው ይከፍሉታል።