ጠንካራ ሞላ መንገድ ይይዛል? ስለ ሞላ፣ ባሌስትራና ስታብላይዘር የሚነገረው ተረትና እውነታው

ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው፣ ስለ መኪና አያያዝ የማይሰማው ነገር የለም። ሹፌሩ «ሞላዋ ድርቅ ያለ ስለሆነ ኩርባ ላይ ንቅንቅ አትልም» ይላል። ረዳቱ ባሌስትራ ማስጨመራቸውን እየነገረ ተጨማሪ ጭነት ይቀበላል። ከሮብ ገበያ ጤፍ የሚያስጭነው ነጋዴም ይህንኑ አምኖ ኩንታሉን ፖርቶመጋላው ላይ ያስደረድራል። አዲስ አበባ ላይ ቪትዙን ወይም ኮሮላውን ዝቅ አስደርጎ የስፖርት መኪና ጠባይ ሊሰጣት የሚደክመው ወጣትም፣ ዓላማው ይለይ እንጂ እምነቱ ያው ነው፦ መኪና በጠነከረ ቁጥር መንገድ ይይዛል። ይህ እምነት ስህተት ነው። በሰው ሕይወት ላይ የሚመጣ ስህተት ስለሆነም አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

መነሻው ጎማው ነው። መኪናን ከመንገድ ጋር የሚያገናኙት አራት መዳፍ የሚያካክሉ የጎማ ገጾች ብቻ ናቸው። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ሞተሩም ሥራቸውን የሚሠሩት በእነዚህ በኩል ነው። ሞላ፣ አሞርዛተርና ስታብላይዘር የተፈጠሩት እነዚህን አራት ገጾች ሳያቋርጡ መሬት ላይ ለማቆየትና ክብደቱን በመካከላቸው በአግባቡ ለማካፈል ነው። የተሳፋሪው ምቾት ከዚሁ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።

«ሞላው በጠነከረ ቁጥር መንገድ ይይዛል»

ይህ አባባል የመጣው ከእሽቅድምድም ሜዳ ነው፤ እዚያም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። አስፋልቱ እንደ ጠረጴዛ በተስተካከለበት ሜዳ ጠንካራ ሞላ ማጋደልን ይቀንሳል፤ መሪው ሲዞር መኪናው ቶሎ ይታዘዛል። ተራ የቤት መኪና ሞላው ላይ በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ያህል እንዲወዛወዝ ተደርጎ ይሠራል፤ የስፖርት መኪና ወደ 2 ይጠጋል፤ በነፋስ ግፊት መሬት ላይ የሚጫነው የውድድር መኪና ከ3 በላይ ይወጣል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መኪናው የሚችለው የመንገድ ጉድለት ያንሳል።

የእኛን መንገድ ደግሞ እንየው። የቢቸና አካባቢ መሬት መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የተነጠፈው መንገድም አብሮት ይታጠፋል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ ሞገድ የሠራባቸው ቦታዎች አሉ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሞላው የደረቀ መኪና ጎማው እብጠቱን ወጥቶ በወዲያኛው በኩል ቶሎ አይወርድም፤ ለቅጽበት አየር ላይ ይቀራል። አየር ላይ ያለ ጎማ መኪናውን አያዞርም፣ ፍሬንም አይዝም። ሹፌሩ «ንቅንቅ አትልም» የሚለው መኪና ኩርባ መሃል እብጠት ሲያገኘው ወደ ጎን የሚዘልለው በዚህ ምክንያት ነው። አካሉ አለማጋደሉ ሰውየውን ያዘናጋዋል እንጂ ጎማው መሬት ላይ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በጎረቤት ኬንያ በሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ ፔጆ 504 እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1978 አሸንፏል። ይህ መኪና የሚታወቀው በለስላሳ ሞላውና በረጅም የጎማ ጉዞው ነው። የፈረንሳዩ ሲትሮየን 2ሲቪ ሲታሰብ ደግሞ በታረሰ ማሳ ላይ የእንቁላል ቅርጫት ጭኖ አንድም ሳይሰበር እንዲያልፍ ተጠይቆ ነበር። ኩርባ ላይ ሲያጋድል ለሚያየው ያስፈራል፤ ጎማው ግን መሬቱን አይለቅም። ጤፍ ማሳ ዳር ለሚኖር አንባቢ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

«ሞላ አስቆርጦ ማሳጠር ያው ነው»

ያው አይደለም። የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅልሉ ስፋትና በዙሩ ብዛት ነው። ዙሩ ሲቀነስ የቀረው ይጠነክራል፤ ከስምንት ዙር ሁለቱ ቢቆረጡ ጥንካሬው በሲሶ ያድጋል። መኪናው ዝቅ ስላለ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ጠብቧል። በዚያ ላይ የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። በኮሮላና በቪትዝ የፊት አሠራር መኪናው በዝቅታ ከመጠን ሲያልፍ፣ አካሉ የሚያጋድልበት ምናባዊ ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ ኩርባው አካሉን የሚገፋበት ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ እንዳያጋድል ተብሎ ዝቅ የተደረገ መኪና የማጋደል ዝንባሌው ሊብስ ይችላል። ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ለመኪናው ተብሎ የተሠራ፣ ከአሞርዛተሩ ጋር የተጣጣመ ሙሉ ሞላ ይግዛ። የሽቦው ውፍረት ኃይሉን የሚያሳድገው በአራተኛ ደረጃ መሆኑንም ያስታውስ፦ ሌላው ሳይለወጥ ሽቦው ከ12 ወደ 13 ሚሊሜትር ቢወፍር ጥንካሬው 38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዓይን የማይለይ ልዩነት መሪ ላይ ሌላ መኪና ይሆናል።

«ቶርሽን ባሩን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክራል»

የቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ የፊት ሞላው ጥቅል ሳይሆን እየተጠመዘዘ የሚሠራ የብረት ዘንግ ነው። ማስተካከያ ብሎኑ ሲጠብቅ የፊት አካሉ ከፍ ይላል፤ የዘንጉ ጥንካሬ ግን ያው ነው። ደረቅ የሚመስለው ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስላለቀ ነው። አላይመንቱም አብሮ ይበላሻል፤ ጎማው በአንድ በኩል ሲበላ የሚታየው አንዱ መዘዝ ይህ ነው።

«ባሌስትራ ያስጨመረ ጭነት ይጨምራል»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ባሌስትራ መጨመር የኋላውን ከመጎንበስ ያድናል፤ ነገር ግን አክስሉ፣ ሻንሲው፣ ጎማውና ፍሬኑ የትናንቶቹ ናቸው። መኪናው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ብቻ ሁሉም ሰው ያልተጫነ ይመስለዋል።

ፍሬኑም ራሱ ሊታለል ይችላል። ኤቢኤስ በሌላቸው ብዙ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ላይ፣ ከኋላ አክስል በቀጭን ዘንግ ተያይዞ ሻንሲው ላይ የታሰረ ቫልቭ አለ። ሥራው የኋላው አካል ምን ያህል እንደጎነበሰ እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት መመጠን ነው። ባዶ ሲሆን ግፊቱን ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ ቀድሞ እንዳይቆለፍ፤ ሲጫን ይጨምራል። ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና ግን ሙሉ ጭነት ተሸክሞም አይጎነብስም። ቫልቩ ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ የኋላ ፍሬኑን ይነፍገዋል። አብዛኛው የማቆም ሸክም በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርድ የፊት ፍሬኑ ቢግል ምን ይገርማል? ባሌስትራ የጨመረ መካኒክ የቫልቩን ዘንግ በልኩ ሳያስተካክል መኪናውን መልቀቅ የለበትም።

የፖርቶመጋላውም ነገር ከዚህ አይለይም። ለምሳሌ ያህል ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ 2,800 ኪሎ ቢመዝን፣ የክብደቱ ማዕከልም ከመሬት 85 ሳንቲሜትር ላይ ቢሆን፣ ጣሪያው ላይ 2.3 ሜትር ከፍታ ሦስት ኩንታል ቢጫን ክብደቱ የሚያድገው በ11 በመቶ ያህል ነው። ማዕከሉ ግን ወደ 99 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ በአንድ ዓይነት ኩርባና ፍጥነት ወደ ውጨኛው ጎማ የሚዛወረው ክብደት በ29 በመቶ ያድጋል። ይህን የሚሽር ባሌስትራ የለም። ጤፉ ወለል ላይ ቢጫን ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ለጭነት በተሠራ መኪና መሄዱ ነው።

«ስታብላይዘር ትርፍ ዕቃ ነው»

ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሹፌሩ ከፊት የሚንኳኳ ነገር እንዳለ ይናገራል። ወጣቱ መካኒክ ከሥር ገብቶ ሊንኩን በብረት ይነቀንቀዋል፤ «ጋሼ፣ የስታብላይዘር ሊንክ ነው፤ ዕቃው የለም። አውልቀን እንጣላት፣ ያለሷም ይሄዳል» ይላል። «እስቲ እንዳልክ አድርጋት፣ ድምጿ ብቻ ይጥፋልኝ።» ድምፁ ይጠፋል። መኪናውም ይሄዳል።

ስታብላይዘር የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዝ የታጠፈ ዘንግ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡና ሲወርዱ ዝም ይላል፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ግን ይጠመዘዛል፣ ማጋደልንም ይቃወማል። ክብደት እንዳይዛወር ያደርጋል የሚሉ ግን ተሳስተዋል። የሚዛወረውን ጠቅላላ ክብደት የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የማዕከሉ ከፍታ፣ በግራና ቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋትና የኩርባው ኃይል ናቸው። 1,100 ኪሎ የሚመዝን፣ ማዕከሉ 55 ሳንቲሜትር፣ የጎማ ስፋቱ 146 ሳንቲሜትር የሆነ መኪና የስበት ግማሽ በሚያህል የጎን ኃይል ሲታጠፍ 200 ኪሎ ገደማ ይዛወራል፤ ስታብላይዘር ኖረም አልኖረም። ዘንጉ የሚወስነው ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ በፊት፣ ምን ያህሉ በኋላ እንደሚያልፍ ነው።

ይህ ክፍፍል ለምን ያሳስባል? ጎማ የተጫነው ክብደት እጥፍ ቢሆን የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ብዙ ክብደት ከጎን ወደ ጎን የሚዛወርበት ጫፍ ቀድሞ ይደክማል። ከፊት ጠንካራ ስታብላይዘር ያለው መኪና ሲበዛበት አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሹፌር ፍጥነት ቀንሶ ሊያርመው ይችላል። ከኋላ የጠነከረው ደግሞ ጅራቱን ይጥላል፤ እሱን ማረም የሚችል ሹፌር ጥቂት ነው።

የድሮዋ ቮልስ ይህን በደንብ ታስረዳለች። የኋላ አሠራሯ ኩርባ ላይ ጎማውን ከሥሯ የሚያጥፍ ስለነበር ጅራቷ ቶሎ ይከዳ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1960 ሞዴል ጀምሮ ፊቷ ላይ ስታብላይዘር ገጠመላት። የታመመው ኋላዋ ሆኖ መድኃኒቱ የተሰጠው ለፊቷ ነው፤ ፊቷ ተጨማሪ ድርሻ ሲወስድ ኋላዋ ቀለል አለው።

አሁን ወደዚያ ሚኒባስ እንመለስ። ኋላው ባሌስትራ ተጨምሮለት ጠንክሯል፤ ፊቱ ስታብላይዘሩ ተነቅሎ ለስልሷል። ሁለቱም ለየብቻቸው ትንሽ ነገር ይመስላሉ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ፋብሪካው ቮልስን ለማዳን ከሠራው ሥራ ተቃራኒ ናቸው። ዝናብ በነካው አስፋልት ላይ፣ ኩርባ መሃል፣ ቀድሞ የሚሄደው የኋላው ጎማ ይሆናል። ከኋላው የተቀመጡት ደግሞ ሰዎች ናቸው።

ማሻሻል ለሚፈልግ

ወፍራም ስታብላይዘር ለሁሉም አይበጅም። ከ20 ወደ 22 ሚሊሜትር ቢወፍር ጥንካሬው 46 በመቶ ያድጋል። ሁለቱን ጎማ ስለሚያያይዝም አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውን ያውካል፤ በተበላሸ መንገድ ላይ ከመጠን ያለፈ ዘንግ ለሞላ የተነገረውን ችግር በሌላ በር ያመጣዋል። በፊት ጎማ ለሚነዳ ትንሽ መኪና ከኋላ መጠነኛ ዘንግ መጨመር አፍንጫው ወደ ውጭ መግፋቱን ይቀንሳል፤ የአዲስ አበባ ወጣቶችም ይህን ቢመርጡ አልፈርድባቸውም። ግን አንድ ጫፍ ብቻ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ቀይረው፣ በዝናብም በደረቅም ሞክረው ይቀጥሉ። እንደ ቪትዝ ባሉት የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ተጠምዛዥ አክስል ራሱ የስታብላይዘር ሥራ እንደሚሠራም አይርሱ።

ገንዘቡ ቅድሚያ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ግን ግልጽ ነው። መጀመሪያ ጎማውና ንፋሱ፤ ቀጥሎ ቴስቲናው፣ ቡሹና የስታብላይዘር ሊንኩ፤ ከዚያ አሞርዛተሩ። ያረጀ አሞርዛተር ላይ አዲስ ጠንካራ ሞላ መግጠም ብር ማባከን ነው፤ ሞላው የሚያጠራቅመውን ጉልበት የሚያበርደው አሞርዛተር ነውና መኪናው ከበፊቱ በላይ ይነጥራል። እነዚህ ሲሟሉ ብዙ ሰው ሞላ መቀየሩን ይተወዋል፤ መኪናው ዳግም እንደ አዲስ ይሆንለታልና።

ሊንክም ሆነ አሞርዛተር የሚቀየረው ግራና ቀኙ አብሮ ነው። የጎማ ቡሽ ያላቸው ክንዶችና ባሌስትራዎች ሲገጠሙ ደግሞ ብሎኑ የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የጠበቀ ቡሽ መሬት ሲነካ ተጠምዝዞ ስለሚቀር ጊዜው ሳይደርስ ይበጣጠሳል።