ከዞኮሎው ሥር

አዲስ ረዳት ስቀበል መጀመሪያ የማስይዘው ብሩሽ ሳይሆን ጨርቅ ነው። ተንበርክኮ በክፍሉ ዙሪያ እየዞረ ዞኮሎው ከወለሉ የሚገናኝበትን ጠርዝ ይጠርጋል። "ጋሼ፣ ቀለሙን መቼ ነው የምንጀምረው?" ይለኛል። "ጀምረናል" እለዋለሁ።

ይህን ያስተማረኝ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የድሮ ቪላ ነው። ወለሉ ለዓመታት ሰም የጠጣ ጣውላ ነበር። ዙሪያውን የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ዞኮሎውን ነጭ የዘይት ቀለም ቀባሁት፤ ቅዳሜ ስለነበር ሰኞ አነሳዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ሰኞ ስመለስ፣ ሰሙ ወፍራም በሆነበት በኩል ፕላስተሩ ስላልያዘ ቀለሙ ከሥሩ ሾልኮ ገብቷል። ፀሐይ በሚመታው በመስኮቱ ሥር ደግሞ ሰሙ አልቆ ኖሮ ፕላስተሩ ቫርኒሹን ይዞት ተነሳ። የቤቱ እመቤት ጎንበስ ብለው ቦታውን በጣታቸው ዳሰሱት። "ልጄ፣ ይሄን ወለል ሠላሳ ዓመት በጉልበቴ ወልውዬዋለሁ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ከዚያ ወዲህ ፕላስተርን በጭፍን አላምንም። መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ ቁራጭ ለጥፌ አነሳና አያለሁ። ቫርኒሹ ከጸና፣ አኳራጅ በትንሹ በነካ ጨርቅ የጠርዙን ሰም የጣት ስፋት ያህል ብቻ አነሳለሁ፤ ፕላስተሩን ለጥፌ ጫፉን በስፓቱላ እጫነዋለሁ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ቲነሩ በመትነኑ ብቻ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ ዞኮሎውንና ፕላስተሩን አንድ ቆዳ ያደርጋቸዋል፤ ሲሳብ ይቀደዳል። ስለዚህ ቀለሙ ገና ለስላሳ እያለ፣ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፌ በ45 ዲግሪ ግድም ቀስ ብዬ እስባለሁ።

ቫርኒሹ ካልጸና ፕላስተር የለም። ሰፊ ስፓቱላ ከዞኮሎው ሥር አስገብቼ ክንድ በክንድ እቀባለሁ። ወለል የሚያበላሸው የስፓቱላው ጀርባ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳይጠረግ ወደፊት ከተገፋ የቀለም መስመር ያትማል። ብሩሹን ጸጉሩ እስከ ሲሶው ብቻ ነክሬ በጣሳው ውስጥ ግራና ቀኝ መታ መታ አደርገዋለሁ። ቀለሙን መሃል ላይ አሳርፌ ነው ወደ ጠርዙ የምስበው።

ጋዜጣ ማንጠፍ አልወድም፤ ቀለም ያሳልፋል። ላስቲክ ላይ የወደቀ ጠብታ ሳይደርቅ ይቆይና በጫማ ወደ ሳሎን ይገባል። ወፍራም ሸራ ይሻላል።

የድሮ ቀለም በደረቁ መፈግፈግ ደግሞ ከጠብታ የከፋ ነው። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች፤ የድሮ ቤት ዞኮሎ የተቀባው ግን ከደንቡ በፊት ነው። አቧራው በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል፤ እዚያ ላይ የሚድኸው ሕፃን ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያረጠብኩ እፈገፍጋለሁ፤ ጭቃውንም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አነሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ረዳቴ ጠርዙን እየጠረገ መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቆመ። ጨርቁን አስቀምጦ ጣውላውን በጣቱ ሁለት ጊዜ ዳሰሰው።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሰሙ አልቋል።"

"ፕላስተሩን ተወው፤ ስፓቱላውን አምጣ" አልኩት።