ሲስሞሜትርን እንወቀው

ቤቱም፣ ጠረጴዛውም፣ የሚለካው ሰውም አብረው ሲወዛወዙ መሬት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰች በምን ይታወቃል? ቢያንስ አንድ ባለበት የሚቀር ነገር ያስፈልጋል። የሲስሞሜትር ሥራ ይኸው ነው። ከባድ ክብደት በላላ ስፕሪንግ ይንጠለጠላል። መሬት ድንገት ስትነቃነቅ የመሣሪያው አካል አብሯት ይሄዳል፤ የተንጠለጠለው ክብደት ግን ቶሎ መከተል ስለማይችል ወደኋላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ሲመዘገብ የመሬት እንቅስቃሴ ተመዘገበ ማለት ነው። ድሮ ይህን የሚጽፈው በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ የሚጭር መርፌ ነበር። በዛሬዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ክብደቱ እንዳይንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ኃይል አጥብቆ ይይዘዋል፤ የሚመዘገበውም እሱን ለመያዝ የጠየቀው ኃይል ነው። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብዙ እናወራለን፤ ስለዚህ መሣሪያ የሚያወራ ግን እምብዛም አልገጠመኝም።

መሬት የምትንቀጠቀጥበት ምክንያት ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። ስምጥ ሸለቋችን በዓመት አምስት ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ዐለቱ ለዓመታት ተወጥሮ ይቆይና አንድ ቀን ስንጥቁን ይዞ ይንሸራተታል። አንዳንዴም ከሥር የሚገባ ቅልጥ ዐለት ዐለቱን እየሰነጠቀ መንገዱን ይከፍታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል መሬትን ያንቀጠቀጠው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሳተላይት ራዳር መሬቱ ሲከፈት አሳይቷል።

በሀገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ሙያ መነሻ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ነው። በዚያ ሰሞን ፒየር ጉዊን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ አቋቋሙ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ የካራ ቆሬ መሬት ተንቀጥቅጦ የማጀቴ ከተማ ስትፈራርስ ጣቢያው ሥራ ላይ ነበር። ጉዊን በኋላ ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ የድሮ መንቀጥቀጦችን ለቅመው ትልቅ መጽሐፍ ጽፈዋል። እኔ እንደማስበው ለኢትዮጵያ ሳይንስ የዋሉት ውለታ ገና አልተነገረለትም።

አሮጌ የወረቀት መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ አንድ ባለሙያ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። መርፌው ዝም ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ሲስል ይቆይና ድንገት በቀጭኑ መርገፍገፍ ይጀምራል። ይህ ፈጣኑ ሞገድ ነው፤ ዐለቱን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋና እየሳበ በሰከንድ ስድስት ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል። ጥቂት ቆይቶ ሰፋፊው ጭረት ይመጣል፤ ይህ ወደ ጎን የሚያናውጠው ዘገምተኛው ሞገድ ነው። ባለሙያው በሁለቱ መካከል ማስመሪያ አኖረ፣ ሰከንዱን ቆጠረ፣ በስምንት አባዛው፤ ርቀቱ በኪሎሜትር ወጣ። ከፈንታሌ ሥር ለተነሣ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ 16 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ስምንት ጊዜ 16 ደግሞ 128 ኪሎሜትር። የሦስት ጣቢያዎች ርቀት በካርታ ላይ በክብ ሲሰመር ክቦቹ የሚገናኙበት ቦታ መነሻው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልምጣ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ 26 ሌሊት አዋሽ አካባቢ 5.7 ወይም 5.8 ተብሎ የተነገረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በማግስቱ «ሕንፃችን እኮ 5.8ን ቻለ» የሚሉ ሰዎች ሰማሁ። ካፌ ውስጥ የሰማሁት አልገረመኝም፤ ፎቅ ከሚያሠራ ሰው አፍ ስሰማው ግን ደነገጥኩ። ሕንፃው 5.8ን አልቻለም፤ 5.8 አጠገቡ አልደረሰም።

ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መነሻው ነው። የማኅሌቱ ከበሮ የተመታበት ጉልበት አንድ ነው፤ መቅደሱ አጠገብ የቆመና ከቅጥሩ ውጭ ያለ ግን እኩል አይሰሙትም። 5.8 የምቱ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ የደከመ ንዝረት ነበር። ስለዚህ «በአዲስ አበባ 5.8 የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ» ብለው የሚጽፉ ጋዜጠኞች እባካችሁ ተጠንቀቁ፤ አንባቢያችሁ ያልተፈተነ ቤቱን የተፈተነ አድርጎ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ቁጥር 8 ራሱን ችሎ መንቀጥቀጥን ለሚቋቋም ግንባታ የተሰጠ ነበር። አምድና ብረቱ በደንቡ መሠራቱን የሚያረጋግጠው ቁጥጥር እንጂ ከሩቅ የመጣ ንዝረት አይደለም።

ጉዳቱን ቁጥሩ ብቻ እንደማይወስነው ለማየት እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ የሆነውን እንይ። ሄይቲ ላይ 7.0 መንቀጥቀጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ገደለ። በሚቀጥለው ወር ቺሊን 8.8 መታት፤ በጉልበት ከሄይቲው 500 እጥፍ ገደማ ነው፤ የሞተው ሰው ግን ወደ 500 ነበር። የሄይቲው ከዋና ከተማዋ 25 ኪሎሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ጥልቀቱም አነስተኛ ሆኖ፣ በደካማ ቤቶች ሥር ተነሣ። የቺሊው ከባሕር ሥር ተነሥቶ መንቀጥቀጥ ታስቦ የተሠሩ ከተሞችን አገኘ።

ቁጥሩ ራሱም ተራ መደመር አያውቅም። ከ5 ወደ 6 ማለት የመሬቱ እንቅስቃሴ አሥር እጥፍ፣ የሚወጣው ጉልበት 32 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከ5 ወደ 7 ሲሆን ጉልበቱ አንድ ሺህ እጥፍ ይሆናል። «በትንሹ ከፍ ያለ» እያላችሁ አትለፉት።

ሁላችንም «ሬክተር ስኬል» እንላለን። ቻርልስ ሪክተር ግን እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው መለኪያ ለደቡብ ካሊፎርኒያና ለአንድ ዓይነት ሲስሞሜትር የተበጀ ነበር፤ ትልልቆቹ መንቀጥቀጦች ላይ ሲደርስም ይጠግባል፣ ቁጥሩ ከጉልበቱ ጋር አብሮ ከፍ አይልም። ዛሬ ለትልልቆቹ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1979 የቀረበ ሌላ መለኪያ ነው፤ የተንሸራተተው ስንጥቅ ስፋት፣ የተንሸራተተበት ርቀትና የዐለቱ ግትርነት ተባዝተው ይሰላል። የመጀመሪያው ቁጥር ከሰዓታት በኋላ የሚለወጠውም ሳይንቲስቶች ስለዋሹ ሳይሆን ከሩቅ ጣቢያዎች ተጨማሪ መዝገብ ስለደረሳቸው ነው።

እኛ ቤት የደረሰው ንዝረት የራሱ መለኪያ አለው፤ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት የሚዘልቀው የመርካሊ መለኪያ። ለአንድ መንቀጥቀጥ የመነሻ ቁጥሩ አንድ ብቻ ሲሆን፣ የመርካሊው ግን ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ለስላሳ አፈር ላይ ይበረታል፣ ጽኑ ዐለት ላይ ይቀንሳል። ይህን ለማውጣት ሲስሞሜትር ብቻውን አይበቃም፣ የሰው ምስክርነት ይፈልጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰማችሁ፣ መጀመሪያ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ራቁ፤ በሊፍት አትውረዱ። ሲረጋ ሰዓቱን ጻፉ። ስንተኛ ፎቅ ነበራችሁ? ተኝታችሁ ነበር ወይስ ቆማችሁ? የተንጠለጠለ አምፖል ተወዛወዘ? ብርጭቆ ተንኳኳ? ዕቃ ከመደርደሪያ ወደቀ? ግድግዳው ላይ ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ርዝመቱን ለኩና ፎቶ አንሱት።