ስለ ልጆች የገንዘብ ሙዳይ

አራሽ ሰው እህሉን ወቅቶ ካስገባ በኋላ ለዘር የሚሆነውን አስቀድሞ ይለያል፤ ክረምት ገብቶ ቢቸግረውም ያን ዘር ላለመንካት ይታገሣል። ገንዘብ ማጠራቀምም እንደዚሁ ነው፤ ይኸውም ከተረፈው ሳይሆን አስቀድሞ ከተለየው የሚገኝ ነው። ይህም ልማድ በልጅነት ካልተተከለ በጉልምስና በብዙ ድካም እንጂ አይበቅልም።

ለዚህ ትምህርት የሚረዳው ዕቃ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ፕሪዬኔ በምትባል በጥንት የግሪኮች ከተማ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፥ መልኩ ቤተ መቅደስ የሚመስል የገንዘብ ሙዳይ ተገኝቷል። በጃቫ ደሴትም በማጃፓሂት መንግሥት ዘመን፥ ማለት በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት፥ ሸክላ ሠሪዎች ሙዳይን በአሳማ አምሳል ይሠሩ ነበር። የሸክላ ሙዳይ ብልሃቱ ይህ ነው፤ ሳንቲም ለማስገባት ይቀላል፥ ለማውጣት ግን መስበር ያስፈልጋልና ልጁ ከመስበሩ በፊት ያስባል።

ነገር ግን ሙዳዩ ብቻውን አያስተምርም። አባት ወይም እናት በቸገራቸው ቀን ልጁ ሳያውቅ ከሙዳዩ ቢወስዱ፥ ልጁ «እኔ ያላጠፋሁትን ሌላ ያጠፋዋል» ብሎ ይማራል፤ ከዚያም ወዲያ በእጁ የገባውን ሁሉ በዚያው ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ ችግር ቢመጣ ልጁን አስፈቅዶ መበደር፥ በተባለውም ቀን መመለስ ይገባል።

ደግሞም ልጁ የሚያጠራቅምበትን ጉዳይ ራሱ ይምረጥ፤ ደብተር ወይም ጫማ ወይም ዶሮ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ 5 ብር ቢከት በ52 ሳምንት 260 ብር እንደሚሆን መምህሩ በሒሳብ ትምህርት ጊዜ ያሳየው።

ገንዘቡ በበዛ ጊዜ ግን በሙዳይ ውስጥ አይቆይ፤ ሌባ ሊወስደው ይችላል፥ የዕቃም ዋጋ ሲወደድ የመግዛት ኃይሉ ይቀንሳል። በቤልጂክ አገር በጌንት ከተማ ፍራንሷ ሎራን የተባሉ የሕግ መምህር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም.፥ ቁጠባን ወደ ትምህርት ቤት አስገቡ። አስተማሪው የልጆቹን ጥቃቅን ገንዘብ ተቀብሎ ይመዘግብ፥ ሲጠራቀምም በየልጁ ስም በቁጠባ ባንክ ያስቀምጥ ነበር። በአገራችንም ዛሬ ባንኮች በወላጅ ወይም በሞግዚት ኃላፊነት ለልጅ የቁጠባ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ ወለዱም የዋጋውን መወደድ ሁሉ ባይተካ በመጠኑ ያቃልለዋል።

እንግዲህ እናንተ መምህራንና ሽማግሌዎች፥ ልጁን እንዲቆጥብ ከመምከራችሁ በፊት ወላጁ የልጁን ሙዳይ እንዲያከብር ምከሩ።