በሕመም ጡረታ ወጥተው የመጀመሪያ ልብ ወለድዎን ሊያሳትሙ ነው?

በአርታኢነት ሥራዬ ለሚገጥሙኝ ደራስያን የምለው ይህን ነው፦

✅ አርትዖት ይቅደም። በሕመም መሀል እየተቋረጠ በተጻፈ ረቂቅ ምዕራፍ 3 ላይ የሞተች አክስት ምዕራፍ 9 ላይ ቡና ልታፈላ ትችላለች።

✅ በኦፍሴት የሚያሳትሙ ከሆነ የገጹ ብዛት ለ16 ይካፈል። 208 ገጽ ልክ 13 ባለ 16 ገጽ ፎርም ነው፤ በ3 ገጽ ካለፈ ለትርፍ ወረቀት ይከፍላሉ።

✅ የመድኃኒት ብር አይንኩ። በዲጂታል ጥቂት ኮፒ ማሳተም የነጠላ ዋጋው ቢወደድም ዕዳ አያስገባም።

✅ መጽሐፍ መደብሮች ብዙውን ጊዜ የሚከፍሉት ሲሸጥ ነው። በፊርማ ያስረክቡ፤ ሸክሙንና ሒሳብ መሰብሰቡን ለቤተሰብ ይተዉ።

✅ ውል ሲፈርሙ መብትዎን አሳልፈው አይስጡ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል።