የሕግ ተማሪዎች አኅጽሮተ ቃላት፤ አሠራራቸውና ለመምህራን የሚሰጡት ትምህርት

መግቢያ

ማስታወሻ መያዝ ተማሪ ሁሉ በየዕለቱ የሚፈጽመው ተግባር ቢሆንም፣ ራሱን ችሎ ትምህርት ሲሰጥበት እምብዛም አይታይም። የሰው እጅ ከሰው አንደበት እኩል ሊፈጥን ስለማይችል፣ ተማሪው ወዶም ሆነ ሳይወድ የራሱን ማሳጠሪያ ለመፍጠር ይገደዳል። ይህ ሁኔታ ጎልቶ ከሚታይባቸው ዘርፎች አንዱ የሕግ ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሀገራችን የሕግ ተማሪዎች የሚጠቀሙባቸው አኅጽሮተ ቃላት እንዴት እንደሚሠሩ፣ የት ላይ እንደሚያሳስቱና ከዚህም መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች ምን ሊማሩ እንደሚችሉ ባጭሩ ለማብራራት ይሞከራል።

አኅጽሮቱ የሚሠራበት መንገድ

በአማርኛ የተለመደው ዘዴ የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ወስዶ በእዝባር መለየት ነው። ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ወ/ሮ የሚሉት ለማንም አንባቢ እንግዳ አይደሉም። የሕግ ተማሪው ይህንኑ ዘዴ በመከተል ፍርድ ቤትን ፍ/ቤት፣ ዐቃቤ ሕግን ዐ/ሕግ፣ የሰበር መዝገብ ቁጥርን ሰ/መ/ቁ ብሎ ይጽፋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ፍ/ብ/ሕ/ቁ ሲሆን፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ደግሞ ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3367 ቁጥሮች ስላሉት፣ ቁጥር በተጠቀሰ ጊዜ ሁሉ የሕጉን ሙሉ ስም መጻፍ አድካሚ መሆኑ ግልጽ ነው።

የፊደላችን ጠባይም ለዚህ ሥራ ይረዳል። አንዱ ፊደል ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣምሮ ስለሚይዝ፣ «ው» ለውል፣ «ወ» ለወንጀል ሆኖ ሳይምታታ ሊያገለግል ይችላል። በእንግሊዝኛ ግን ውል፣ ወንጀልና ፍርድ ቤት ለማለት የሚያገለግሉት ቃላት ሦስቱም የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። የአሜሪካ የሕግ ተማሪዎች ለውል «ኬ» የተባለውን የላቲን ፊደል፣ ለከሳሽ «ፓይ»፣ ለተከሳሽ «ዴልታ» የተባሉትን የግሪክ ፊደላት መጠቀምን ለምደዋል።

የእኛ ተማሪ ግን ሥራው በሁለት ቋንቋ ነው። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የመጀመሪያ ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በእንግሊዝኛ የተማረው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚከራከረው ግን በአማርኛ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱ ቋንቋዎች በሚወጡት ሕጎች መካከል ልዩነት ቢኖር የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ የአማርኛው አኅጽሮት ለጊዜው የተበጀ ማሳጠሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ወደ ሙያው ቋንቋ የሚሻገርበት መንገድ ጭምር ነው።

ስሕተት የሚፈጠርባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው አደጋ አንድ ፊደል በመጨመር ወይም በመጉደል የሚመጣ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አኅጽሮት ወ/መ/ሕ/ቁ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ወ/ሕ/ቁ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት «መ» ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከባድ የሰው ግድያ በቀድሞው ሕግ በቁጥር 522፣ በአዲሱ በአንቀጽ 539 ተደንግጓል። «መ»ን ከልማድ የጨመረ ተማሪ አንባቢውን ወደ ተሻረ ሕግ ይመራዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲጠቀስ ደግሞ ያው «መ» ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል።

ሁለተኛው አደጋ አንዱን ፊደል ለብዙ ቃላት ከመጠቀም ይመነጫል። ተማሪው ተከሳሽን «ተ» ብሎ ማስታወሻውን ይጀምራል እንበል። ተከሳሹ ተረትቶ ጉዳዩን ለሰበር ሲያቀርብ አመልካች ይሆናል፤ ከሳሽ የነበረው ደግሞ ተጠሪ ይባላል። አሁን «ተ» ከሳሽ የነበረውን ሰው የሚያመለክት ሆነ ማለት ነው። በፈተና ዋዜማ ደብተሩን የሚገልጠው ተማሪ ክርክሩን ገልብጦ ሊያነብ ይችላል። «አ»ም እንዲሁ አመልካችን፣ አንቀጽንና አዋጅን ሊወክል ይችላል። ይህ ልማድ ወደ ሥራ ዓለም ከተሸጋገረ፣ የሚጎዳው ጽሑፉን ያረቀቀው ብቻ ሳይሆን ጉዳዩ የሚመለከተው ባለጉዳይም ነው።

ከነባሩ ትምህርት የሚገኝ አብነት

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት እንደተሠራ የሚነገርለት የድጓ ምልክት ከቃላት የተወሰዱ ጥቂት ፊደላትን በመጻፍ ዜማውን ያሳስባል። ምልክቱ ለባለሙያው ግልጽ የሚሆንለት፣ ፊደሉ የተወሰደበትን ቃልና ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ ዘንድ ስላጠና ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ የማሳጠሪያ ጥቅም የሚጸናው ሁሉም በሚያውቀውና በትምህርት በሚተላለፍ ስምምነት ላይ ሲመሠረት መሆኑን ነው።

ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ በተገለጸው መሠረት የሚከተሉት አስተያየቶች ቀርበዋል።

1. ማስታወሻ አያያዝ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በቋንቋ ትምህርት ውስጥ በልምምድ ቢሰጥ፤ ይኸውም መምህሩ አጭር ምንባብ ካነበበ በኋላ ተማሪዎች በአኅጽሮት የጻፉትን ደብተር ተለዋውጠው አንዱ የሌላውን እንዲያብራራ ማድረግ ነው። ጓደኛው ሊፈታው ያልቻለ አኅጽሮት ከጊዜ በኋላ ጸሐፊውን ራሱን ሊያስቸግረው እንደሚችል ያሳያል።

2. ተማሪው በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የሚጠቀምባቸውን አኅጽሮቶች ከነትርጉማቸው እንዲመዘግብና አንዱን ምልክት ለሁለት ቃላት እንዳያውል ቢመከር።

3. በሕግ ትምህርት ማንኛውም ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀስ ሙሉ ስሙና የወጣበት ዓመት እንዲጻፍ፣ ተከራካሪዎችም ቢያንስ በሁለት ፊደላት እንዲለዩ (ተከ፣ ተጠ) ቢደረግ።

4. የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በየመጽሐፉ መግቢያ የአኅጽሮተ ቃላት ሠንጠረዥ ቢያካትቱ።

እነዚህ እርምጃዎች ተጨማሪ በጀት ወይም አዲስ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚሹት መምህሩ የተማሪውን ደብተር እንደ ግል ንብረት ብቻ ሳይሆን እንደ ትምህርቱ አንድ ክፍል እንዲመለከተው ነው።