ወኅኒ በነበረበት ስፍራ የቆመው የወፎች ቤት

በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ፥ በሰሜን በኩል ካለው መናፈሻ የደረስነው ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት ነበር። እዚያው ከተማ የሚማረው ባልንጀራችን «አገርህ ውስጥ ከስምንት መቶ ዐይነት በላይ ወፍ እየተንጫጫ፥ ወፍ ልይ ብለህ በዚህ በረዶ ታወጣኛለህ?» እያለ ያጉረመርማል። በሩን አልፈን ስንገባ ግን ሙቀቱ ተቀበለንና መነጽራችንን ላበው። በመስተዋቱ ጣራ ሥር የቆላ ዛፎች ቆመዋል፤ ወፎቹም ሽቦ ሳያግዳቸው በራሳችን ላይ ይበራሉ።

ይህ ቤት የአሜሪካ ብሔራዊ የወፎች ቤት ይባላል። የተከፈተው በ1952 ዓ. ም. ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1991 የከተማው ሹሞች ገንዘብ ስላጠራቸው ሊዘጉት አስበው ሳለ፥ ነዋሪው አዋጥቶ አተረፈው፤ በ1993ም የአገሪቱ ምክር ቤት «ብሔራዊ» የሚለውን ስም ሰጠው። ከዚህ ይልቅ ያስገረመን የቦታው የቀድሞ ታሪክ ነው። ይኸውም እዚሁ ላይ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ታላቅ ወኅኒ ቤት ነበረ፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜም ከደቡቡ ወገን የተማረኩ ወታደሮች ታስረውበታል።

«ታዲያ ምን ተለወጠ?» አለ ባልንጀራችን። «ያን ጊዜም እስር ቤት፥ ዛሬም እስር ቤት!»

ነገሩን የሚያጠናክርለት ወሬም አልታጣም። በ2021 በመስከረም ወር ኮዲ የተባለ የስቴለር የባሕር ንስር ከመረቡ ሾልኮ ወጥቶ፥ ከሳምንት በላይ በከተማው ዙሪያ ሲበር ሰንብቶ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ከረመ። በመጨረሻ ተይዞ ተመለሰ። ባልንጀራችን ያዘነው በመመለሱ ነው።

ክርክሩ የቆመው ከአንዲት ቡናማ ወፍ ፊት ስንደርስ ነው። ቁመቷ ከዶሮ ያንሳል፤ ደረቷ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር አለው፤ መብረር አትችልም። አገሯ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው የጉዋም ደሴት ስትሆን፥ የአገሩ ሰዎች ኮኮ ይሏታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በጦር ሠራዊት ጭነት ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን አይቀርም፥ አንድ ቡናማ የዛፍ እባብ ወደ ደሴቲቱ ገባ። የጉዋም ወፎች እንዲህ ያለ ጠላት አያውቁም ነበርና እባቡ ሌሊት እየወጣ ዕንቁላሉንም ጫጩቱንም ጨረሰው። ሰዎች መጀመሪያ የጠረጠሩት በሽታንና የተባይ መድኃኒትን ነበር፤ ጥፋቱ የእባቡ መሆኑን ጁሊ ሳቪጅ የተባሉ ተመራማሪ በ1987 ባሳተሙት ጥናት አስረዱ። ወፍ በጠፋበት ጫካ ሸረሪት በዛ፤ እባቡም በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ እየወጣ መብራት ያጠፋ ጀመር።

ዱሩ ጨርሶ ባዶ ከመሆኑ በፊት የተያዙት 21 ኮኮዎችና ሲሄክ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ 29 ብቻ ነበሩ። ዘሩን ካቆዩት ቤቶች አንዱ ይህ ነው። ሥራውም ቀላል አይደለም፤ የእያንዳንዱ ወፍ አባትና እናት በመዝገብ ተጽፎ፥ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ይጠበቃል። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቈጥር መሆኑ ነው።

ኮኮ ሌሎች እባብ የሌለባቸው ደሴቶች ላይ ተለቅቃ በመራባቷ፥ በ2019 በዱር ከጠፉት መዝገብ ወጣች፤ ከካሊፎርኒያው ኮንዶር ቀጥሎ ይህ የሆነላት ሁለተኛዋ ወፍ ናት። ዘጠኝ ሲሄኮችም በመስከረም 2024 ፓልማይራ በምትባል ደሴት ተለቀዋል። ጉዋም ላይ ግን እባቡ ዛሬም አለ።

ባልንጀራችን ይህን ሁሉ ሲሰማ ዝም አለ። ኮኮዋ ከቅጠሉ ሥር ወጥታ ምግቧን ለቀም ለቀም አድርጋ ተመለሰች። ካፖርታችንን ለብሰን ወደ በሩ ስናመራ፥ ዘበኛውን «ስንት ሰዓት ነው የምትዘጉት?» ብሎ ጠየቀና ብቻውን ወደ ውስጥ ተመለሰ።